ጄምስ ማርዮን ሲምስና ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚጻፈው ትእዛዝ

የማህፀንና የፅንስ ቀዶ ጥገና ታሪክ ሲወሳ የብዙዎች አሳብ የሚያርፈው በቢላዋውና በመርፌው ላይ ነው። መጀመሪያ ማን ቀደደ፣ መጀመሪያ ማን ሰፋ፣ የትኛው መሣሪያ በማን ስም ተጠራ እየተባለ ይጠየቃል። ቀዶ ጥገናው ተፈጽሞ በሽተኛዋ ወደ አልጋዋ ከተመለሰች በኋላ በካርዷ ላይ የሚጻፈው የመድኃኒት ትእዛዝ ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በሽተኛዋን በምን ዓይን እንደሚያያት ከቢላዋው ይልቅ አጥርቶ የሚናገረው ይኸው ትእዛዝ ነው። መድኃኒቱ የታዘዘው ለሕመሟ ነው ወይስ ለስፌቱ? መጠኑ የተወሰነው እርሷ ተጠይቃ ነው ወይስ በልማድ?

ለዚህ ጥያቄ ከጄምስ ማርዮን ሲምስ ሕይወት የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሰው በአንድ ወገን የዘመናዊ የማህፀን ቀዶ ጥገና አባት ተብሎ ሲወደስ፣ በሌላ ወገን ሐውልቱ ከቆመበት አደባባይ እንዲነሣ የተፈረደበት ሰው ነው። የማኅበራችን አባላት በየዕለቱ በስሙ የሚጠራውን መሣሪያ በእጃቸው ስለሚይዙ፣ የመሣሪያውን ባለቤት ከነሙሉ ታሪኩ ማወቅ ይገባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲምስ የተወለደው ጃንዋሪ 25 ቀን 1813 በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በላንካስተር አውራጃ ነው። በ1832 ኮሌጅ ከጨረሰ በኋላ ሕክምናን የመረጠው ፍቅር አድሮበት ሳይሆን ሌላ የሚሻል መንገድ ስላልታየው እንደ ነበር ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ሳይሸሽግ ጽፎታል። አባቱ ሙያውን ክብር የሌለው አድርጎ ይቆጥረው ስለ ነበር የልጁን ምርጫ የተቀበለው በቅሬታ ነው። ሲምስ በቻርለስተን ትምህርቱን ጀምሮ በ1835 በፊላዴልፊያ ከሚገኘው የጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ሥራ ሲጀምር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት በሽተኞቹ፣ ሁለቱም ሕፃናት፣ ሞቱበት። ወጣቱ ሐኪም ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ነቅሎ በአሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ጣለና አገር ለቅቆ ወደ አላባማ ተሰደደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዝናው ዓለምን የዞረው ሰው ሥራውን የጀመረው እንዲህ ባለ ኀፍረት ነበር።

በ1840 ሞንትጎመሪ በምትባለው ከተማ ተቀመጠ። ቆልማማ እግርን በማቅናትና ሸውራራ ዓይንን በማስተካከል ብዙ ሳይቆይ ስመ ጥር ሆነ። በዚያን ጊዜ አላባማ የጥጥ እርሻ አገር ነበረች፤ ጥጡን የሚያለማው ጥቁር ሕዝብ ደግሞ እንደ ንብረት የሚሸጥና የሚለወጥ ነበር። ባሪያ ሲታመም ሐኪም የሚጠራው ጌታው ነው፤ ክፍያውን የሚከፍለውም ጌታው ነው፤ ሕክምናው ይደረግ ወይም ይቅር ብሎ የሚፈቅደውም ጌታው ነው። የሲምስን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ይህን ለአፍታ እንኳ መርሳት የለበትም።

በ1845 ሲምስ ሦስት ቀን ሙሉ በምጥ ተይዛ ወደ ነበረች አናርካ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ወጣት ዘንድ ተጠራ። ሕፃኑን በፎርሴፕስ አወጣው። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን የወጣቲቱ ሽንት መቆጣጠር በማትችለው ሁኔታ ይፈስ ጀመር። በምጥ ብዛት የተጨፈለቀው ሥጋ ሞቶ በሽንት ፊኛዋና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ይህ ዛሬ ፌስቱላ እያልን የምንጠራው ሕመም ነው። ከዚያ በኋላ ቤትሲና ሉሲ የተባሉ ሌሎች ሁለት ወጣት ባሮች በተመሳሳይ ሕመም ወደ እርሱ መጡ። ሲምስ የሕክምና መጻሕፍትን አገላብጦ ሕመሙ መድኃኒት የለውም የሚል ፍርድ ስላገኘ ወደየመጡበት ሊመልሳቸው ነበር።

አሳቡን የለወጠው ያልታሰበ ነገር ነው። ከፈረስ ወድቃ ማህፀኗ ከቦታው የተናጋባትን አንዲት ነጭ ሴት በጉልበቷና በክንዷ አስደግፎ ሲመረምር አየር ገብቶ ብልቷ ሲሰፋ ተመለከተ። ወዲያውም በዚህ አኳኋን የፌስቱላው ቀዳዳ በዓይን ሊታይ እንደሚችል ገባው። የማንኪያ እጀታ አጣምሞ ሞከረው፤ ከዚህ ሙከራ ነው በስሙ የሚጠራው ስፔኩለም የተወለደው። ከቤቱ ጓሮ የነበረችውን አነስተኛ የሕሙማን ማረፊያ አስፍቶ፣ ከባሮቹ ጌቶች ጋር ተዋውሎ፣ ቀለቡን እርሱ ሊችል፣ ልብሱንና ግብሩን እነርሱ ሊከፍሉ ተስማምቶ ሴቶቹን ተቀበላቸው። ከ1845 እስከ 1849 ድረስ በዚያ ማረፊያ ወደ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ኖረዋል። ስማቸው ተጽፎ የቀረልን ግን የሦስቱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተቀደደችው ሉሲ ነበረች። አሥር ሁለት ያህል ሐኪሞች ዙሪያዋን ከብበው ሲመለከቱ፣ ያለ ምንም ማደንዘዣ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ የሕክምናውን ሥቃይ ቻለችው። ሲምስ ሽንቱን እንዲመጥ ብሎ በፊኛዋ መውጫ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ አስቀመጠ። ስፖንጁ ውስጥ የሽንት ጠጠር ረግቶበት ስለ ደረቀ ከቀናት በኋላ ሲነቀል ስቃይዋ እጅግ የበረታ ሆነ። ቁስሉ መርዞ ከሞት አፋፍ አድርሷት ነበር፤ ለማገገምም ወራት ፈጀባት። ሲምስ ከዚህ ጥፋቱ ተምሮ ስፖንጁን ትቶ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ የብረት ካቴተር ሠራ። ዛሬ ከማህፀን ቀዶ ጥገና በኋላ ፊኛን በካቴተር ባዶ የማድረግ ሥርዓታችን ከሉሲ ሥቃይ የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙከራው አራት ዓመት ያህል ፈጀ። በየጊዜው ስፌቱ በከፊል ይይዛል፣ በከፊል ይፈታል። ሊረዱት ይመጡ የነበሩት ሐኪሞች ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ረዳት የሆኑለት ራሳቸው በሽተኞቹ ናቸው። አንዷ ስትቀደድ ሌሎቹ ይዘዋት ይቆማሉ፣ መሣሪያ ያቀብላሉ፣ ቁስል ያጥባሉ። እነዚህ ሴቶች ማንበብና መጻፍ እንዳይማሩ ሕግ የከለከላቸው ቢሆኑም፣ በዘመኑ በዚህ ቀዶ ጥገና የእነርሱን ያህል ልምድ የነበረው ረዳት በዓለም አልነበረም።

በመጨረሻ ሲምስ ጥፋቱ በክሩ ላይ እንደ ሆነ ጠረጠረ። የሐር ክር ቁስሉን ያመግለው ነበር። በከተማው ጌጥ ሠሪ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብር ሽቦ አሠርቶ፣ ጫፎቹን በትናንሽ የእርሳስ እንክብሎች አሰረ። በ1849 ለሠላሳኛ ጊዜ ያህል የተቀደደችው አናርካ በዚህ ስፌት ዳነች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሉሲና ቤትሲም ዳኑ። በእርግጥ ከእርሱ በፊት በ1838 በቨርጂኒያ ጆን ፒተር ሜታወር የተባለ ሐኪም በእርሳስ ሽቦ ፌስቱላ ሰፍቶ ነበር። ዘዴውን በሥርዓት አደራጅቶ ሌላው ሐኪም ሊከተለው በሚችል መንገድ በ1852 በታተመ ጽሑፍ ያሰራጨው ግን ሲምስ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ትእዛዝ እንመለስ። ሲምስ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ማደንዘዣ አልሰጠም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሲደረጉ ኤተር ገና አልታወቀም ነበርና በዚህ መወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ኤተር በኦክቶበር 1846 በቦስተን በአደባባይ ታየ፤ ክሎሮፎርምም በ1847 በኤዲንበርግ በጄምስ ያንግ ሲምፕሰን እጅ ለወላዶች ተሰጠ። ሲምስ ከዚያ በኋላም ልማዱን አልለወጠም። በ1857 ባደረገው ንግግር እንኳ የዚህ ቀዶ ጥገና ሕመም የማደንዘዣውን ድካምና አደጋ የሚያስመርጥ አይደለም የሚል አሳብ ሰንዝሯል። ያን ሕመም የቻሉት ሴቶች ምን ይሉ እንደ ነበር የጠየቀ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ሕመሙን የሚመዝነው የሚያመው ሰው መሆን ሲገባው መዛኙ ቢላዋውን የያዘው ሆኖ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ሲምስ በየቀኑ ኦፒየም ያዝዝ ነበር። የትእዛዙ ዋነኛ ምክንያት ሕመም ማስታገስ አልነበረም። ኦፒየም የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ሆድን ያደርቃል። ሲምስ የፈለገውም ይህንኑ ነው። በሽተኛዋ ጥቂት ብቻ እየበላች፣ ካቴተር ተደርጎላት በአልጋ ላይ ተኝታ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳትጸዳዳ እንድትቆይ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም በማማጥ ስፌቱ እንዳይፈታ በማሰብ ነው። የመድኃኒቱ ማስታገስና ማረጋጋት እንደ ተጨማሪ ጥቅም ተቆጠረ። እኛ የመድኃኒቱ ጉዳት የምንለው ድርቀት ለእርሱ የመድኃኒቱ ዓላማ ነበር፤ እኛ ዓላማ የምንለው ማስታገስ ደግሞ ለእርሱ በትርፍ የመጣ ነበር።

በዚህ ትእዛዝ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ለወራትና ለዓመታት በተደጋጋሚ የተሰጠው ኦፒየም ሴቶቹን ሱሰኛ አድርጎ ከማረፊያው ጋር አስሯቸዋል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ከቀዶ ጥገና በኋላ ኦፒየም ማዘዝ የሁሉም ሐኪም ልማድ እንደ ነበረ፣ ሲምስ የሰጠበትም ምክንያት የሕክምና ምክንያት እንደ ሆነ ያስረዳሉ፤ ሴቶቹም ከዚያ አሳፋሪ ሕመም ለመዳን ራሳቸው ይጓጉ እንደ ነበር ይጨምራሉ። ፈቃደኞች ነበሩ የሚለውን ቃል የጻፈልን ሲምስ ራሱ ነው። ከሦስቱ ሴቶች አንዷም የጻፈችው ወይም ያስጻፈችው ቃል በእጃችን የለም። እምቢ ለማለት ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው እሺታ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ጥያቄ ከክርክሩ በላይ ሆኖ ይኖራል።

የሲምስ ቀሪ ሕይወት የዝና ሕይወት ነው። ሥር በሰደደ የተቅማጥ በሽታ ስለ ተሠቃየ አየር ለመለወጥ በ1853 ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በ1855 በከተማይቱ ባለጸጋ ሴቶች እርዳታ በማዲሰን ጎዳና ላይ ሠላሳ አልጋ ያለው የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ። ወደዚያ ከመጡት በሽተኞች ብዙዎቹ ከአየርላንድ በረኃብ የተሰደዱ ድኾች ነበሩ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በ1861 ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በዱብሊን፣ በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ ቀዶ ጥገናውን አሳየ፤ የፈረንሳይን ንግሥት ዩጄኒን እስከ ማከም ደረሰ። በ1866 ስለ ማህፀን ቀዶ ጥገና ያሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተነበበ። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ጊዜ በሲዳን ቁስለኞችን ያከመውን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሐኪሞች ቡድን መራ።

በ1874 ግን ከራሱ ሆስፒታል ጋር ተጣላ። የሆስፒታሉ አስተዳደር የሴቶቹን ክብር ለመጠበቅ ሲል ቀዶ ጥገና በሚደረግበት ክፍል ከ15 የበለጠ ተመልካች እንዳይገባ ወሰነ፤ የካንሰር ሕመምተኞችንም እንዳይቀበሉ ከለከለ። ሲምስ ሁለቱንም ተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። ስለ ካንሰር ሕሙማን የተከራከረው ክርክር የሚያስመሰግነው ነው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ሥራ ለጀመረው የኒውዮርክ የካንሰር ሆስፒታልም አንዱ ምክንያት ሆኗል። ስለ ተመልካቾች ቁጥር የተከራከረው ክርክር ግን ከሞንትጎመሪ ጀምሮ ያልለቀቀውን ልማድ ያሳያል። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ስብሰባ፣ ግማሽ ልቡ ትክክል ግማሽ ልቡ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሲምስ በ1876 የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። በኖቬምበር 13 ቀን 1883 በኒውዮርክ አርፎ በብሩክሊን በግሪንውድ መቃብር ተቀበረ። በ1894 የነሐስ ሐውልት ቆመለት፤ በ1934 ሐውልቱ ከኒውዮርክ የሕክምና አካዳሚ ፊት ለፊት ወዳለው የሴንትራል ፓርክ ዳርቻ ተዛወረ። ከብዙ ክርክር በኋላ በኤፕሪል 2018 ከዚያ ተነሣ። በ2021 ደግሞ በሞንትጎመሪ ከተማ ለአናርካ፣ ለሉሲና ለቤትሲ ሐውልት ቆመላቸው።

ሐውልት ይቆማል፣ ሐውልት ይነሣል። በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚዘልቀው ግን ልማድ ነው። የሲምስ ሆድ የማድረቅ ትእዛዝ ሲወርድ ሲዋረድ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። በወሊድ ጊዜ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ የተተረተረች እናት ከተሰፋች በኋላ ኮዴይን ተሰጥቷት ሆዷ እንዲደርቅ ማድረግ በብዙ ቦታ የተለመደ ነበር። በ2004 የታተመ አንድ የአየርላንድ ጥናት 105 እናቶችን በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ኮዴይን፣ ለሌላው ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሰጥቶ አወዳደረ። ሆዳቸው እንዲለሰልስ የተደረጉት ቶሎና በቀነሰ ሕመም ተጸዳዱ፤ ቶሎም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ስፌት ይጠብቃል ተብሎ የተጻፈው ትእዛዝ፣ ሴቶቹን ያለ ጥቅም ያሠቃይ እንደ ነበር በዚህ ታወቀ። ካቴተሩም ቢሆን ተመዝኗል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክር ቀላል ፌስቱላ ከተሰፋ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን መቆየቱ ይበቃል ብሏል።

የሕመም ማስታገሻ ትእዛዝም እንዲሁ ነው። በ2017 በስድስት የአሜሪካ የሕክምና ማእከሎች የተደረገ ጥናት በቀዶ ጥገና የወለዱ እናቶች ወደ ቤት ሲመለሱ ከኦፒየም ወገን በመካከለኛ ግምት 40 ኪኒን ተሰጥቷቸው የዋጡት 20 ያህሉን ብቻ እንደ ሆነ አሳይቷል። የተረፈው በየመሳቢያው ለሌላ ሰው ሱስ መነሻ ሆኖ ይቀመጣል። በ2019 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከወሊድ በኋላ ጥቁር እናቶች ከነጮቹ የበረታ ሕመም እንዳላቸው እየተናገሩ የተሰጣቸው መድኃኒት ግን ያነሰ እንደ ነበር ገልጿል። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንዷ የበዛው ለሌላዋ አንሷል። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ በሽተኛዋ አልተጠየቀችም።

በድኻ አገሮች ጉድለቱ የባሰ ነው። በ2017 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ዘገባ በዓመት ከሚሠራጨው ወደ 300 ቶን ከሚጠጋ የኦፒየም ወገን ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው አንድ ቶን እንኳ ሳይሆን የቶን አንድ አሥረኛ መሆኑን አስታውቋል። ያለውን መድኃኒት ለማዘዝም የሌላውን አገር ወረቀት መገልበጥ አያዋጣም። በ1996 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ኮዴይንን በጉበታቸው በፍጥነት ወደ ሞርፊን የሚለውጥ የተደራረበ የዘር ቅንጣት እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለች እናት ኮዴይን ወስዳ ልጇን ብታጠባ ሞርፊኑ በወተቷ ወደ ሕፃኑ በብዛት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፓራሲታሞልንና እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን መድኃኒት የሚከለክል ምክንያት እስከሌለ ድረስ በተወሰነ ሰዓት አስቀድሞ መስጠት፣ ከኦፒየም ወገን የሆነውን ለሚያስፈልጋት ብቻ፣ በሚያስፈልጋት መጠን መጨመር ዛሬ የተሻለው መንገድ ሆኖ ተገኝቷል።

የሲምስ ሥራ ከአገራችን ጋርም የሚገናኝበት መንገድ አለ። በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የፌስቱላ ሕሙማንን መስፋት ጀምረው፣ በ1975 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በዚያ ከታከሙት አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ አልጋ ከማንጠፍና መሣሪያ ከማቀበል ጀምረው፣ ራሳቸው በቢላዋው የሚያድኑ የታወቁ የፌስቱላ ቀዳጅ ለመሆን በቁ። አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲም በሞንትጎመሪ መሣሪያ አቀብለዋል፤ ቁስል አጥበዋል። የእነርሱ እጅ ግን በዚያው ተረሳ፤ የወይዘሮ ማሚቱ እጅ ስም አገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ በሽተኛዋ እንደ ሰው በመቆጠሯና ባለመቆጠሯ ነው።

እንግዲህ ሲምስን ከመጽሐፋችን መፋቅ አይቻልም፤ የሠራው መሣሪያና ያስተማረው ስፌት እስከ ዛሬ ሴቶችን እያዳነ ነው። በጭፍን ማወደስም አይገባም። ከእርሱ ሕይወት ለማኅበራችን አባላት የሚተርፈው ትምህርት በጠዋት ጉብኝት ላይ፣ በአልጋው ግርጌ፣ ካርዱ በእጃችን ሳለ የሚፈተን ነው። ትናንት የጻፍነውን ትእዛዝ እንዳለ ከመገልበጣችን በፊት፣ ይህ መድኃኒት ለማን ጥቅም ነው፣ መጠኑስ በማን ሕመም ተለካ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ከዚያም ወደ አልጋው ራስጌ ጠጋ ብለን፣ አናርካ ሠላሳ ጊዜ ያልተጠየቀችውን ጥያቄ እናቲቱን እንጠይቃት።